ሲሚንቶ ያልደረሰለት ጉድጓድ

ወረታ የገባሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከኮሌጅ ወጥቼ ብዙም ያልቆየሁ፣ የፎገራ ወረዳ የኢነርጂ ባለሙያ ተብዬ የተመደብሁ ልጅ ነበርሁ። ሥራዬ ባጭሩ ጭስ ማጥፋት ነበር። ፎገራ ሜዳ ነው፤ ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። ሰዉ የሚያነደው ኩበት ነው። እበቱ ማሳ ገብቶ አፈር እንደማዳበር በየምድጃው አመድ ይሆናል፣ ሴቶቹም ከጭሱ ጋር ይውላሉ። እኔ ደግሞ ገበሬው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አስገንብቶ፣ ያንኑ እበት በውሃ በጥብጦ ቢጨምርበት ጋዝ እንደሚወጣው፣ ጋዙም በቧንቧ መጥቶ ያለ ጭስ እንደሚነድ እየዞርሁ አስተምር ነበር። ባዮጋዝ የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራው አላውቅም።

በዚያው ዓመት አገባሁ። ባለቤቴ የወረታ ልጅ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር። ያን ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነዳጁ ሲወደድባቸው ወደ ድንጋይ ከሰል እየዞሩ ነበርና እሱም ሥራው ከጅቡቲ ወደብ ከሰል እየጫነ ለፋብሪካ ማድረስ ሆነ። ከሰሉ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ እንደሚመጣ የነገረኝ እሱ ነው። በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ቤት ሲመጣ የመዳፉ መስመር ሁሉ ጠቁሮ ነው። በሳሙና እያሸሁ ሳጥብለት አንድ ቀን ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ነገርሁት፤ ታላላቆቹ አገሮች ከሰል እየተዉ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ እየዞሩ ነው አልሁት።

ሳቀብኝ። «እነሱ ከተዉት ታዲያ ያ ሁሉ መርከብ ለማን ነው የሚያራግፈው? ወደቡ ላይ የተከመረውን ብታይው ተራራ ነው የሚመስልሽ» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። የእሱ ከሰልና የእኔ ጭስ አንድ ቀን ይገናኛሉ ብዬ አላሰብሁም።

ታሪካቸውን የምነግራችሁን ሴት ያወቅኋቸው ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ነው። ቀበሌው ሰብስቦልኝ ዋርካ ሥር ቆሜ አስረዳለሁ። ወንዶቹ ስንት ከብት እንደሚያስፈልግ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ይጠይቁኛል። ከኋላ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ለመናገር መጀመሪያ ሳላቸው እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሰዉም ለምዶት ነው መሰለኝ ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

«ልጄ፣ እሳቱ ጭስ የለውም ነው የምትይ?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«እንግዲያ እኔን መጀመሪያ ጻፊኝ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ስማቸውን ጠይቄ ዝርዝሬ አናት ላይ ጻፍሁት።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድሁ። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ የተለጠፈ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት፣ መስኮት የሌለው ነው። ግድግዳው በጥላሸት ተለብጧል፤ እጄን ባስደግፍ እጄ ጠቆረ። ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው ሴት ናቸው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሳያቸው ሰባ ዓመት ሰጥቻቸው ነበር። ቅንድባቸው ሳስቶ ሽፋሽፍታቸው አልቋል፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ ያለቀሱ ይመስላል። ከልጆቻቸው ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት እበት ስትለቅም ትምህርት ቤት የምታረፍድ።

አባወራው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ጨርሼ ካስረዳሁ በኋላ ራሳቸውን እያከኩ ጠየቁኝ።

«ከእበት በወጣ እሳት የበሰለ ወጥ ለካህን ይቀርባል እንዴ?»

ሴትየዋ መልሱን ለእኔ አልተዉልኝም። «እስከ ዛሬ ያቀረብሁት በምን የበሰለ መስሎህ ነው? ኩበቱ ከሰማይ ነው እንዴ የወረደው?» አሏቸው። አባወራው መሬት መሬት እያዩ ፈገግ አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አባወራው በዶማ ይቆፍራሉ፣ ልጅቱ ትዝቃለች፣ ሴትየዋ አፈሩን በቅርጫት ተሸክመው ያወጣሉ። «እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ትንፋሽ ያጥርዎታል» እላቸዋለሁ። «ለራሴ ምድጃ ነው» ይሉኛል። ሜዳው ላይ ድንጋይ ስለሌለ ከኮረብታው ሥር በአህያ አመላለሱ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ግንበኛው መጥቶ ለካ፣ ድንጋዩን አየ፣ አሸዋውን አየ፣ «የቀረው ሲሚንቶ ነው» አለ።

ሲሚንቶ በዚያ ዘመን እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ለወረዳው በኮታ ነው የሚመጣው። ለእኛ ሥራ የተሰጠን ለሦስት ጉድጓድ የሚበቃ ነበር። ዝርዝሬ ላይ የሴትየዋ ስም አንደኛ ነው፤ ጉድጓዱን ቆፍሮ የጨረሰም የእሳቸው ቤተሰብ ብቻ ነበር። ኃላፊዬ ቢሮው ጠራኝ።

«እንግዶች ከክልል ይመጣሉ፤ የሚጎበኝ ነገር እንፈልጋለን» አለኝ። «ሦስቱንም አስፋልቱ ዳር ላሉት አድርጊው። ሞዴሉ ገበሬ ዘንድም ይቆፈር።»

«የቁሐሯ ሴት አንደኛ ናቸው እኮ። ቆፍረው ጨርሰዋል።»

«እዚያ መኪና አይገባም። እንግዶቹን በጭቃ ልታስኬጃቸው ነው? ለሷ በሁለት ሳምንት ሌላ ይመጣል።»

ሞዴሉ ገበሬ ቆርቆሮ ቤት ያለው፣ መብራት የገባለት ሰው ነው። ይህን አውቃለሁ። ሴትየዋ እንዴት እንደሚያስሉም አውቃለሁ። ግን አዲስ ሠራተኛ ነበርሁ፤ ክርክር አልወድም፤ ሁለት ሳምንት ደግሞ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ማከፋፈያው ላይ ፈረምሁ። እጄን የያዘ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቁሐር ሄድሁና ዋሸሁ። «ሲሚንቶው ገና አልመጣም እትዬ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አልሁ።

ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። «እስከ ዛሬ ጠብቄ የለ? ሁለት ሳምንት ምን አላት» አሉኝ። እርጎ አቀረቡልኝ። ጠጣሁ።

ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ። ወሩም ሁለት ሆነ። ባለቤቴ ስልክ ሲደውልልኝ፣ ሲሚንቶ ምን ነካው ብዬ ጠየቅሁት። ጅቡቲ ነበር።

«የምን ሲሚንቶ?» አለኝ። «ፋብሪካው እቶኑን አጥፍቶ ቆሟል። ከሰሉ አልቆበታል። መርከቧ ባሕሩ ላይ ቆማ ተራ እየጠበቀች ነው። እኛም ይኸው ስንት ቀናችን፣ ጥላ አጥተን ከመኪናው ሥር ነው የምንውል።»

ስልኩን ዘጋሁ። የአንዲት የፎገራ ሴት ምድጃ ጭስ እንዳይኖረው ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶው እንዲጋገር ከሰል መንደድ አለበት፤ ከሰሉም ባሕር ላይ ቆሟል። ይህን ነገር ለዓመታት ለሰው ሳወራው ኖሬአለሁ፤ ሰውም ይገረማል። ሳወራው ግን አንዱን ነገር እዘላለሁ። መርከቧ ሳትዘገይ በፊት ሲሚንቶ ነበር። ወረታ መጋዘን ውስጥ በዓይኔ ያየሁት፣ ለእሳቸው የሚበቃ ሲሚንቶ ነበር። ለሌላ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጉብኝቱ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተደረገ። ሞዴሉ ገበሬ ዘንድ ያለችው ምድጃ ተለኮሰች፤ ሰማያዊ ነበልባል ታየ፤ ሻይ ተፈላባት። እንግዶቹ ፎቶ ተነሡ። እኔም ቆሜ ስለ ንጹሕ ኃይል አብራራሁ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ስል የቤቱ እመቤት አዲስ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ጭስ ውስጥ ተቀምጠው የእንግዳውን ወጥ በኩበት ያማስላሉ። ደንገጥ አሉ። «ያኛው ገና ጀማሪ ነው ልጄ፤ ለሻይ ነው እንጂ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም» አሉኝ። እንግዶቹ ያን አላዩም። አልነገርኋቸውም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው ሜዳ ነው ብሎ አያምንም። ጣና ራሱ የመጣ ነው የሚመስል። ሐምሌና ነሐሴን ቁሐር መሄድ አልቻልሁም፤ እውነቱን ለመናገር ያልቻልሁት አንዱን ሳምንት ነው፣ ሌላውን ሰበብ አገኘሁለት።

መስከረም ላይ አባወራው ቢሮዬ መጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው ወለሉን አዩና እምቢ አሉ።

«ጉድጓዱ ተደረመሰ» አሉኝ። ከዚያ፣ «እሷም አልተሻላት» አሉ።

ከክረምቱ በፊት ወንዛዬ ፍልውሃ ወስደዋቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነገሩኝ። እዚያ በሰነበቱበት ሳምንት ሳላቸው ቀለል ብሎላቸው ነበር። ቤት ሲመለሱ ባሰባቸው። እኔ ሳልጠይቅ ምክንያቱ ገባኝ። ወንዛዬ ሲሰነብቱ ምድጃ አጠገብ አልተቀመጡም። ክረምት ላይ ደግሞ ኩበቱ ይረጥባል፣ ጭሱ ይወፍራል፣ በሩ በዝናቡ ይዘጋል።

ውሃው ሲጎድል በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ አመጧቸው። ጤና ጣቢያ አብሬ ገባሁ። የመረመራቸው ወጣት ባለሙያ ደረታቸውን ደጋግሞ አዳመጠና ጠየቀ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ፣ እናቴ?»

«ምን ይላል?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ነገርኋቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ሳል ሆነና እንባቸው እስኪወርድ ድረስ አላቆም አላቸው። «ሲጋራ! እኔ!» ይላሉ በመሐል።

ልጁ አልሳቀም። እኔን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ሳንባቸው ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰ ሰው ሳንባ ነው። ጭስ ያለበት ቤት እንዳይመልሷቸው» አለኝ።

እኔ ቤት ወሰድኋቸው። ሦስት ሳምንት አብረን ኖርን። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የማበስል፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ሽቦው ሲቀላ ያያሉ። እጃቸውን ያሞቃሉ፣ ያሸታሉ፣ አሁንም ያሸታሉ።

«ይሄ ከየት ነው የሚመጣ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ከውሃ ነው፣ እትዬ። ከጣና የሚወጣው ውሃ ሲወርድ ነው መብራት የሚሆን።»

«ከጣና?» አሉ። «ጣና እኮ ክረምት በመጣ ቁጥር እቤታችን ድረስ ይመጣል። ምነው ታዲያ እሳቱን ይዞት ቢመጣ!»

እዚያው ሰሞን ባለቤቴ ከመንገድ ገባ። ሰላም ሊላቸው ጎንበስ ሲል እጁን ያዙና፣ «ምን ነክተህ ነው ልጄ?» አሉት።

«ከሰል ነው። የድንጋይ ከሰል።»

«ድንጋይ ይነዳል?»

ወጥቶ ከመኪናው አንዲት ጉብ ያለች ከሰል አምጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው። መዘኗት፣ አገላበጧት። ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል መርከብ እንደሚጭነው ነገራቸው።

«እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር ባሕር ያሻግሩታል?» አሉ። «እበቱ እደጃችን ተቀምጦ!»

ባለቤቴ እኔን አየኝ። ስለ ሲሚንቶው የነገርሁት ለእሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ልነግራቸው ቆረጥሁ። ባለቤቴ ሊታጠብ ሲወጣ አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «እትዬ፣ ስለ ጉድጓዱ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ» አልሁ።

«ተይው እስቲ ጉድጓዱን» አሉኝ ፈጠን ብለው። «ሩዙ መድረሱ ነው። ልጅቱ ብቻዋን ናት። ቤቴ መልሺኝ።»

ለመንኋቸው። የጤና ባለሙያው ያለውን ደገምሁላቸው። «ታዲያ ለማን ትቼው?» አሉኝ። ኅዳር ላይ ወደ ቁሐር ተመለሱ። አባወራው ከማድ ቤቱ ግድግዳ መስኮት የሚያህል ቀደዱላቸው። ልጅቱ ትምህርቷን ትታ ምድጃውን ያዘች፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ተቀምጠው ይሄን ጨምሪ፣ ያን አውርጂ ማለት አልተዉም።

ጥር ላይ፣ ሩዙ እየተወቃ ሳለ፣ ከቀትር በኋላ፣ እዚያው በር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ልጅቱ ያንቀላፉ መስሏት ሥራዋን ስትሠራ ቆየች። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ደጋግማ ነው የነገረችኝ። «አጠገቧ ሆኜ፣ ስንት ጊዜ አልፌያት» ትላለች። እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ቁሐር ሚካኤል ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድሁ። ሰዉ ቀለል ሲል አባወራው አጠገብ ተቀመጥሁ። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሚንቶው መጥቶ እንደነበር፣ ስማቸው አንደኛ እንደነበር፣ ለሌላ እንዲሰጥ የፈረምሁት እኔ እንደሆንሁ፣ እንደዋሸኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝም ፈልጌ ነበር።

«እናውቃለን» አሉኝ።

ቀና አልሁ።

«ያን ጊዜውኑ ሰምተናል። ሲሚንቶውን ሲያራግፉ የእኛ አገር ሰው አይቷል። እኔ ወረታ ወጥቼ ልጠይቅሽ ብዬ ተነሥቼ ነበር። እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹ተዋት፤ ልጅ ናት፣ አዘዋት ነው። ብትጠይቃት ትሳቀቅና መምጣቱን ትተወናለች› አለችኝ።»

እርጎውን አስታወስሁ። ቤቴ የኖሩባቸውን ሦስት ሳምንታት አስታወስሁ። ልነግራቸው ስል ያቋረጡኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። አለቀስሁ፤ እኔን ሊያጽናኑ የተነሡት ኀዘንተኞቹ ናቸው። ከዚያ በላይ ያፈርሁበት ቀን የለኝም።

ሲሚንቶ የካቲት ላይ መጣ። ብዙ መጣ። አባወራው የተደረመሰውን ጉድጓድ እንደገና ብቻቸውን ቆፈሩት። እኔም ቅዳሜና እሑድ እየሄድሁ አፈር አወጣሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላመሰገነኝም። ግንበኛው ጨረሰ፤ እበቱ በውሃ ተበጥብጦ ገባ፤ ከወር በላይ ጠበቅን። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ጠዋት ቧንቧውን ከፈትሁና ልጅቱ ክብሪት ጫረች። እሳቱ ያዘ። ሦስታችንም ጠጋ ብለን አየነው። አባወራው እጃቸውን ከነበልባሉ በላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ፤ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«እውነትም ጭስ የለውም» አሉና ወጡ። ትንሽ ቆይቼ ስከተላቸው በረቱ ውስጥ ፊታቸውን አንዲት ላም ጎን ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳልጠራቸው ተመለስሁ።

ለዚያ ወር ሪፖርት ስጽፍ «ተጠቃሚ» የሚል ዓምድ ነበር። የማንን ስም እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። የአባወራውን ጻፍሁ። ኃላፊዬ አይቶ፣ «ጎበዝ፣ ዕቅዳችንን አለፍን» አለኝ።

በዓመቱ ሥራውን ለቅቄ ባሕር ዳር አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠርሁ። ባለቤቴ ከሰል መጫኑን ቀጠለ፤ ጭነቱም እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። ልጅቱ ትምህርቷን አንድ ዓመት ቀጥላ ነበር፤ ከዚያ ሊቦ በኩል ተዳረች። አባወራው ብቻቸውን ቀሩ፤ ከብቶቹንም አንድ አንድ እያሉ ቀነሷቸው፤ እበቱ ሲያንስ ጋዙም ደከመ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወረታ ገበያ ውስጥ ልጅቱን አገኘኋት። ሕፃን አዝላለች። ተቃቀፍን። የአባቷን ጤና ጠየቅኋት፣ የኔን ልጆች ጠየቀችኝ። ሳላስበው፣ «እዚያስ በምንድን ነው የምታበስይ?» አልኋት።

«በኩበት ነው» አለች። «የባሌ ቤተሰቦች ባዮጋዝ ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔ አስረድቻቸው ነበር፤ ሰው የላክሽ እንደሆነ እሺ ብለዋል።»

ቢሮው ውስጥ እንደሌለሁ ነገርኋት። ማንን መጠየቅ እንዳለባት፣ የትኛው በር እንደሆነ፣ ከብት ስንት ሊኖራቸው እንደሚገባ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከአባቷ ጋር ቆፍራው ስለነበር ጥልቀቱን እሷው ታውቀዋለች። ሕፃኑ ሲነጫነጭ አስተካክላ አዘለችውና ተሰነባበትን። ቢሮው ሄዳ እንደሆን አላውቅም።